እሬት በደጃፍ፦ ለቆዳ እንጂ ለጡት አይደለም

እሬትን የማያውቅ ቤት የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። የመረረ ነገር ሁሉ የሚመሰለው በእርሱ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ሥዕሉ በሳሙናው፣ በሻምፖውና በቅባቱ ዕቃ ላይ እየታተመ «አሎቬራ» በሚል ስም ወደየቤታችን ተመልሶ ገብቷል። በበረንዳና በደጃፍ የሚተክሉት እናቶችም በርክተዋል። ነገሩ የሚደገፍ ነው። ይሁን እንጂ በአንዱ ቅጠል ውስጥ ሁለት የተለያዩ ፈሳሾች መኖራቸውን ሳያውቁ መጠቀም ጉዳት ስለሚያስከትል፣ በዛሬው አምዳችን በዚሁ ላይ እንነጋገራለን።

ቅጠሉ ሲቆረጥ በመጀመሪያ ከልጡ ሥር የሚወርደው ቢጫ ፈሳሽ ነው። መራራው እርሱ ነው። አሎይን የተባለ ንጥረ ነገር ስላለበት ሲዋጥ አንጀትን ያጣድፋል፣ ያስቀምጣል። ከዚያ ወደ ውስጥ የሚገኘው ደግሞ እንደ እንቁላል ነጭ ብርሃን የሚያሳልፍ ዝልግልግ ሲሆን፣ ለቆዳ የሚጠቅመው ይኸኛው ነው።

አሁን ወደ ጡቱ ነገር እንምጣ። የወሊድ ፈቃዷ ያለቀባት እናት ሥራ መግቢያዋ ሲደርስ፣ ወይም ሌላ ልጅ ስታረግዝ፣ «እሬት ቀብተሽ አስጥይው» የሚላት አይጠፋም። ይህ ከጥንት የመጣ ልማድ ነው። ያሳደጉን እናቶችም ክፋት አስበው ያደረጉት አይደለም። ነገር ግን ሕፃኑን የሚያስመርረው ያ ቢጫው ፈሳሽ ስለሆነ፣ ልጁ አብሮ የሚውጠው የሚያስቀምጥ መድኃኒት ነው። ለትንሽ ገላ ተቅማጥ ቀላል ነገር አይደለም። ሰውነቱ ውሃ አጥቶ የሚዝለው በአጭር ጊዜ ውስጥ ነው። እናቲቱም ብትሆን አትተርፍም። በአንድ ቀን የተቋረጠ ጡት ወተት ቋጥሮ ያብጣል፣ ይቆስላል፣ ትኩሳትም ያመጣል።

ደግሞስ ሥራ መግባት ጡት ለማስጣል ምክንያት ይሆናልን? በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው ፈቃድ 90 ቀን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በበኩሉ ሕፃን እስከ 6 ወር የእናቱን ጡት ብቻ፣ ከዚያም ከተጨማሪ ምግብ ጋር እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ እንዲጠባ ይመክራል። በመካከል ያለው ክፍተት ለሠራተኛዋ እናት እውነተኛ ችግር መሆኑ አይካድም። ቢሆንም ጠዋት ከመውጣቷ በፊት፣ ማታ ከተመለሰችና ሌሊት ማጥባት ትችላለች። ለቀኑ ደግሞ እጇን ታጥባ ያለበችውን ወተት በንጹሕ ዕቃ ከድና ልታስቀምጥ ትችላለች። በቤት ውስጥ ለ4 ሰዓት ያህል ሳይበላሽ ይቆያል፤ ማቀዝቀዣ ካለ ደግሞ ከዚያ በላይ። ልጁ አድጎ በእርግጥ የሚጥልበት ጊዜ ሲደርስም፣ መጀመሪያ የቀኑን፣ ጥቂት ቀናት አሳልፎ ሌላውን፣ በመጨረሻ የሌሊቱን ጡት እያስቀሩ ቀስ በቀስ ማስለመድ ነው። በምትኩ አጥሚቱ፣ ገንፎው፣ ምስሩ ቀርቦለት በጭኗ ላይ ከተቀመጠ ለቅሶው ይቀላል።

እሬት ጨምቀው የሚጠጡም አሉ። ውፍረት ይቀንሳል፣ ደም ያጠራል ይባላል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2002 እሬት የገባባቸው የሚያስቀምጡ መድኃኒቶች ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዳይሸጡ አድርጓል። በተለይ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት፣ እንዲሁም ሕፃናት ፈጽሞ ሊወስዱት አይገባም።

ለቆዳ ግን መልካም ነው። እንጀራ ስትጋግሩ የአክንባሎው እንፋሎት እጃችሁን ቢለበልበው፣ አስቀድማችሁ ለ20 ደቂቃ ያህል የቧንቧ ውሃ አፍስሱበት። ቅቤ፣ ሊጥ፣ የጥርስ ሳሙና አይቀባም። እሬቱ የሚመጣው ከውሃው በኋላ ሲሆን፣ ያውም ላልቆሰለና ለቀላው ቃጠሎ ብቻ ነው። ውሃ የቋጠረ ሰፊ ቃጠሎ፣ የፊትና የሕፃን ቃጠሎ የጤና ጣቢያ ጉዳይ ነው። ዝልግልጉን ለማውጣት የታችኛውን ወፍራም ቅጠል ከሥሩ ቆርጣችሁ፣ የተቆረጠውን አፍ ወደ ታች አድርጋችሁ ብርጭቆ ውስጥ አቁሙት። ከሩብ ሰዓት በኋላ ቢጫው ወርዶ ያልቃል። ከዚያ አጥባችሁ፣ ሁለቱን እሾሃማ ጠርዞች ቆርጣችሁ፣ ልጡን ግፈፉ። በመጀመሪያ በክንዳችሁ ውስጠኛ ክፍል ጥቂት ቀብታችሁ እስከ ማግስቱ ጠብቁ፤ የሚያሳክከው ሰው አለና።

የሚተከለውን ለይቶ ማወቅም ያስፈልጋል። በአገራችን ብዙ ዓይነት የዱር እሬት ይበቅላል። አብዛኞቹ ቀይ ወይም ብርቱካን አበባ ሲኖራቸው፣ ለቅባት የሚውለው አሎቬራ አበባው ቢጫ ነው። ቃጫን ከእሬት የሚያምታቱም አይጠፉም። የቃጫ ቅጠል ጫፉ እንደ መርፌ ጠንካራ እሾህ ነው፤ ሲሰበርም በክር የተሞላ ነው። ውሃው ቆዳን ስለሚያቆጣ ራቁት።

ማሳደጉ አያስቸግርም። የወተት ዱቄት ጣሳ ወይም አሮጌ ባልዲ ከሥሩ ተበስቶ፣ ግማሽ አፈርና ግማሽ አሸዋ ይሞላበታል። እሬትን የሚገድለው ጥማት ሳይሆን ውሃ ማብዛት ነውና፣ ጣታችሁን ሰዳችሁ አፈሩ ሲደርቅ ብቻ አጠጡ። ክረምት ሲገባ ከጣሪያ ጠፈጠፍ አርቁት። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ በሚወርድበት ሰፈር ማታ ማታ ወደ ቤት አስገቡት። ከእናቲቱ ግርጌ የሚወጡት ልጆች ስንዝር ያህል ሲሆኑ ተነቅለው፣ ቁስላቸው እስኪደርቅ ሁለት ሦስት ቀን በጥላ ይቆዩና ይተከላሉ። ለአንድ ሳምንት ያህል ውሃ አያስፈልጋቸውም። ከአንድ ጣሳ ለጎረቤት የሚተርፍ ችግኝ ይወጣል። ስትሰጡ ግን የቢጫውን ፈሳሽ ነገር አብራችሁ ንገሩ።