ሴራሚኩ ይቆየን!

ማርቆስ ውስጥ ሽንት ቤትና መታጠቢያ ቤት የሚታደሰው መቼ እንደሆነ ታውቃላችሁ? ሠርግ ሲደርስ! የጥር ሙሽራ ያለበት ግቢ ኅዳር ላይ አሸዋና ሲሚንቶ ይራገፍበታል። ጓሮ ያለችው ሁለት ሜትር በአንድ ሜትር ተኩል የማትሞላ ክፍል ነጭ ሴራሚክ ትለብሳለች፣ መስታወትም ይሰቀልላታል። እንግዳው ሁሉ «ደስ ስትል!» ብሎ ይሄዳል። ግንቦት ላይ ብቅ በሉ እስቲ። ሴራሚኩም እንዳለ ነው፣ ሽታውም እንዳለ ነው።

እኛ የምንለው ቀላል ነገር ነው። እጃችን አጭር ከሆነ ሴራሚኩ መጨረሻ ይገዛ። ብራችን መጀመሪያ መግባት ያለበት እንግዳ የማያየው ቦታ ነው፤ ወለሉ ስር፣ ቱቦው ውስጥ፣ ከቆጣሪው የሚመጣው ሽቦ ላይ።

ወለሉ በአንድ ሜትር ቢያንስ አንድ ሳንቲ ሜትር፣ ቢቻል ሁለት፣ ወደ ቀዳዳው ዝቅ ማለት አለበት። ግንበኛው «ችግር የለም፣ ይወርዳል» ይላችኋል። አትመኑት! ሊሾው ሲጠነክር፣ ሂሳብ ሳትዘጉ፣ አንድ ባልዲ ውኃ ድፉበትና ቆማችሁ እዩ። ጥግ ላይ ከተኛ እንደገና ይሠራ። ለነገሩ ሊሾ ምን በወጣው? ሻከር ተደርጎ ከተሠራ፣ ሲረጥብ ከሚያንሸራትተው ከዚያ ከሚያብረቀርቅ ሴራሚክ ለእናቶቻችን ጉልበት ይሻላል።

ሽታውን ደግሞ ያለ ስሙ ስም እየሰጠን በበረኪና እናሳድደዋለን። ሽታ የሚመጣው ሲፎን ከሌለው ቀዳዳ ነው። ሲፎን ማለት የታጠፈች ቱቦ ናት፤ እጥፋቷ ላይ የምትቀረው ትንሽ ውኃ ከጉድጓዱ የሚወጣውን አየር ትዘጋለች። በቃ፣ ሌላ ምሥጢር የለውም። ለረጅም ጊዜ ካልተጠቀማችሁበት ውኃዋ ስለሚደርቅ አንድ ጣሳ ጨምሩበት። ደረቅ ጉድጓድ ላላችሁ ደግሞ ሳቶ የሚባል የፕላስቲክ መቀመጫ አለ፤ ባንግላዴሽ ውስጥ የተጀመረ ነው። ከሥሩ ያለችው ክዳን ትንሽ ውኃ ሲፈስባት ትከፈትና ራሷ ተመልሳ ትገጥማለች። ዝንቡንም ሽታውንም ትይዛለች።

ባለ ማጠራቀሚያውን የፈረንጅ መቀመጫ የሚመኝ ወዳጃችን አይጠፋም። አንዴ ሲለቀቅ እንደ ዓይነቱ ከ6 እስከ 9 ሊትር ይወስዳል። ውኃ በጠፋበት ቀን አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ብቻ ያገለግላችኋል ማለት ነው። ቁጢጥ የሚባልበት የቱርኩ ግን በሁለት ወይም በሦስት ሊትር ይጸዳል። ስለዚህ ሮቶው ወይም በርሜሉ ይቅደም። ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሽማግሌ ወይም አሮጊት ቤት ውስጥ ካሉ ግን ክርክራችንን እናነሳለን፤ መቀመጫው ዛሬውኑ ይግባ፣ ውኃውን በባልዲ እንደፋለን።

አሁን ወደሚያስፈራን ነገር እንምጣ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር አልፋ የተቀመጠች ናት፤ በሐምሌ ጠዋት በቀዝቃዛ ታጠቡ ብለን አንፈርድባችሁም። ስለዚህ ሁሉም ያንን አናቱ ላይ ውኃ የሚያሞቅ የኤሌክትሪክ ሻወር ይገዛል። 5,500 ዋት የሚለው በ220 ቮልት 25 አምፔር ይስባል፤ የተለመደው ሶኬት የሚችለው 16 ነው። የራሱ ብሬከር፣ ቢያንስ ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ግራውንድ ይፈልጋል። እኛ ጋ ግን ከአምፖሉ መስመር ይቀጠላል። «ቧንቧውን ስትነኩ ትንሽ ይነዝራል፣ ትለምዱታላችሁ» ተብለን ቤት የተከራየን ስንቶች ነን? ይሄ የሚለመድ ነገር አይደለም! እግሩ ውኃ ውስጥ ያለ ሰው «ትንሽ» የሚነዝረው አንድ ቀን ይገድለዋል። የአንድ ካርቶን ሴራሚክ ዋጋ ለኤሌክትሪክ ባለሙያ ይሰጥ። ያም ካልተቻለ ውኃ በድስት አፍልቶ ባልዲ ውስጥ በጣሳ መታጠብ ነውር አይደለም፤ ያደግነው በዚያው ነው። ክፍሏን ለማሞቅ ብሎ ከሰል ይዞ ገብቶ በር መዝጋት ግን በጭራሽ!

ይህን ሁሉ ማን ይክፈል? አብዛኞቻችን ተከራዮች ነን። ቱቦውን ከኪሳችን እንቀይራለን፣ ወለሉን እናስተካክላለን። በሦስተኛው ወር አከራያችን መጥተው «መቼም አሁን ቤቱ ታድሷል» ብለው ኪራይ ይጨምራሉ። ራሳችን ባደስነው! በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲሆን ይላል፤ ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ውጭ ግን የሚሠራው ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ነው። አዋጁ እስኪደርሰን ቁጭ ብለን አንጠብቅም። ሥራው ሳይጀመር የሲሚንቶውን፣ የቱቦውንና የሠራተኛውን ወጪ በአንድ ወረቀት ላይ ጽፈን፣ ሁለት የግቢ ሰው ምስክር አድርገን፣ ቡና ሲፈላ እንቀርባለን፦ «እትዬ፣ ዕቃውን እኛ እንግዛ፤ ከሁለት ወር ኪራይ ላይ ይቆረጥልን፣ እስከ ዓመቱም አይጨመርብን።» እምቢ ካሉ ቢያንስ ግራውንዱን ያስገቡልን።