ዛፍ የሚጸናው ገበሬው ሲጠቀም ነው

በካምፓላ ከተማ በካባላጋላ ሠፈር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ዘመድ ለመጠየቅ ሲሄዱ ከኢንቴቤ በአይሮፕላን ይሳፈራሉ። አንድ ኪሎ የአይሮፕላን ነዳጅ ሲቃጠል ከ3 ኪሎ የሚበልጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ አየር ይወጣል። ዛፍ ይህንኑ ስቦ ካርቦኑን በግንዱ ስለሚያከማች፣ ተሳፋሪው ለችግኝ እየከፈለ ዕዳውን ያቃልል የሚል አሳብ ከተነሣ ቆይቷል።

አሳቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን በዚያው በኡጋንዳ የሆነውን መመልከት ይገባል። የኤልጎን ተራራ እ.ኤ.አ. በ1993 ብሔራዊ ፓርክ ሲሆን ገበሬዎች ከይዞታቸው ተነሡ። ከ1994 ጀምሮ ፌስ የተባለ የሆላንድ ድርጅት በዚያ ዛፍ አስተከለ፤ ለአይሮፕላን ተሳፋሪዎችም የካርቦን ማካካሻ ሆኖ ተሸጠ። መሬታቸውን ያጡት ግን ብዙ ዛፍ ቆርጠው እህል ዘሩበት። ዛፍ ተቆርጦ ሲነድ ያከማቸው ካርቦን ተመልሶ ወደ አየር መውጣቱ የታወቀ ነው።

ከ2003 ጀምሮ ደግሞ በምዕራብ ኡጋንዳ በቡሼኒ ኤኮትረስት የተባለው ድርጅት ሌላ መንገድ ያዘ። ገበሬው በገዛ መሬቱ ይተክላል፤ የዛፉ መጽደቅ እየተመረመረ ክፍያው በየጊዜው ይሰጠዋል።

ስለዚህ ሹማምንት ችግኝ ከማስተከላቸው በፊት ባለ መሬቱን ያማክሩ። ተሳፋሪውም ስንት ዛፍ ተተከለ ከማለት አስቀድሞ በማን መሬት ተተከለ ብሎ ይጠይቅ። ለገበሬው የማይጠቅም ዛፍ ጠባቂ የለውም፤ ጠባቂ የሌለው ዛፍም የማንንም ዕዳ አይከፍልም።