የልብ ጥላና የሥራ ጭንቀት

ሠራተኛ ሰው ወደ ማታ ሲገባ ከደመወዙ ጋራ ብዙ ነገር ይዞ ይገባል፤ ይኸውም የተቀበለው ቁጣ፣ ሳይመልሰው የዋጠው ቃል፣ ያልጨረሰውም ጕዳይ ነው። ደመወዙን ራሱ ይቈጥረዋል፤ ይህን ሌላውን ሸክም ግን የሚቈጥሩት በቤት የቆዩት ናቸው። ስለዚህ ዛሬ ልብ ራሱን ከጭንቀት ስለሚከላከልበት ዘዴና ሐሳብን ስለ መሰብሰብ ጥቂት ልንናገር ወደድን።

ዲላ ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የቡና ከተማ ናት። ቡና በሚደርስበት ወራት ለቃሚዋም፣ መዛኙም፣ ነጋዴውም ዕረፍት የላቸውም። እኛም የፍርድ ቤት መዝገብ የምንይዝ ሰዎች ውለን የምንሰማው የድንበር ክርክር፣ የውርስ ጠብና የባልና የሚስት ፍቺ ነው። በ2010 ዓመተ ምሕረት በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተነሣው ግጭት ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ከቤቱ በተፈናቀለ ጊዜ፣ ቍስለኛ ያከመው ሐኪምና የተፈናቀለውን የመዘገበው ጸሐፊ የሌላውን ኀዘን ሰምተው ማታ ወደ ልጆቻቸው ገብተዋል። ጆሮም እንደ ትከሻ ይደክማልና፣ ይህን ድካም ማቃለል አይገባም።

የነፍስን ጠባይ የሚመረምሩ ሊቃውንት እንደሚያስረዱት፣ ልብ የማይችለው ነገር ሲመጣበት ባለቤቱ ሳያውቅ ራሱን ይሸፍናል። ይህን አሳብ የጀመረው ሲግመንድ ፍሮይድ ሲሆን፣ ልጁ አና ፍሮይድ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1936 በመጽሐፍ አስፋፍታዋለች። መሸፈኛውም ብዙ ዓይነት ነው። አንደኛው መካድ ነው፤ ሌሊቱን ሳይተኛ ያደረ ሰው «እኔ ምንም አልሆንሁም» ይላል። ሁለተኛው ማላከክ ነው፤ በራሱ ልብ ያለውን ቂም በጓደኞቹ ላይ አይቶ «ሁሉም ጠላኝ» ይላል። ሦስተኛው ምክንያት መደርደር ነው፤ ባለጕዳይን ያመናጨቀ ሰው «ለሥርዓት ብዬ ነው» ይላል። አራተኛው ማዛወር ነው፤ አለቃውን የፈራ ሰው ቁጣውን በሚስቱ ወይም በልጁ ላይ ያወርደዋል። አባቶቻችን ይህን ጠባይ ቀድመው ስለሚያውቁት «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ብለው ተርተውበታል።

ታዲያ ይህ መሸፈኛ ሁሉ ክፉ ነውን? አይደለም። የጌዴኦን ገበሬ ጓሮ መመልከት ይበቃል። ቡናውና እንሰቱ ከብርብራና ከዋንዛ በታች ይበቅላሉ፤ ይህም የአገሩ አያያዝ በመስከረም 2016 ዓመተ ምሕረት በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። ጥላ ከሌለ ቡናው በፀሐይ ይጐዳል፤ ጥላው እጅግ ሲበዛ ደግሞ ፍሬው ያንሳል። ስለዚህ ገበሬው ዛፉን ሳይነቅል ቅርንጫፉን ይመለምላል። የልብም ጥላ እንዲሁ ነው። ጆርጅ ቫላንት የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም መሸፈኛዎችን ከጥሬው እስከ በሰለው በደረጃ ለይቷል፤ ከበሰሉትም መካከል በችግር መካከል መሳቅ መቻልንና፣ የሚያስጨንቀውን ነገር ሳይክዱ አውቆ እስከ ጊዜው ማቈየትን ቈጥሯል።

ጥላው ሲበዛ የሚታይበት ምልክት አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር የሥራን ዝለት ሲተረጕም ሦስት ነገር አመልክቷል፤ እነዚህም የኀይል ማለቅ፣ ከሥራው በልብ መራቅና መሰልቸት፣ የሥራውም ፍሬ ማነስ ናቸው። የባለጕዳይ ዕንባ ምንም የማይመስለው ሠራተኛ ሁልጊዜ ጨካኝ ሆኖ አይደለም፤ ምናልባት ጥላው ጠንቶበት ይሆናል።

መመልመያው ሐሳብን መሰብሰብ ነው። ይህም ለአገራችን እንግዳ አይደለም። መነኮሳት መቍጠሪያ ይዘው አንዲቱን አጭር ጸሎት ይደጋግማሉ፤ እስላሞች ወንድሞቻችንም በዚክር እንዲሁ ያደርጋሉ። የእነርሱ ዓላማ አምልኮ ነው፤ ዳሩ ግን ሥጋም የሚያገኘው ዕረፍት አለ። ኸርበርት ቤንሰን የተባለ የሐርቫርድ ሐኪም በ1975 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ባወጣው መጽሐፍ፣ ጸጥ ብሎ ተቀምጦ አንድ ቃል በመደጋገም ትንፋሽና የልብ ትርታ እንደሚረጉ ገልጿል።

አደራረጉም ቀላል ነው። ከሥራ ወጥታችሁ ከቤት ሳትገቡ፣ ወይም በገባችሁ ጊዜ በአንድ ጥግ፣ 10 ደቂቃ ያህል ተቀመጡ። ትከሻችሁን አላሉ፤ በዝግታ ተንፍሱ፤ በምታስወጡት ትንፋሽ ሁሉ አንድ የምትወዱትን ቃል በልባችሁ በሉ። ሐሳብ ሲበተን ራሳችሁን ሳትቈጡ ወደ ቃሉ መልሱት። በመጨረሻም «ዛሬ የተቈጣሁት በማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። የቁጣውን ባለቤት ለይቶ የገባ ሰው ልጁን ስለ አለቃው አይመታም። ሚስትም ከሥራ የምትመለስ ከሆነች ይኸው ዕረፍት ይገባታልና፣ ባል ልጆቹን ይዞ ይጠብቃት።

አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። ከባድ መከራ ያየ ሰው ዐይኑን ሲጨፍን ያየው ሊመለስበት ይችላል፤ እንዲህ ያለው ዐይኑን ገልጦ ይቀመጥ፤ ካስጨነቀውም ይተወው። እንቅልፍ ለሳምንታት ከጠፋ፣ ወይም መኖር ካስጠላ፣ ሳይዘገይ ወደ ሐኪም መሄድ ነው።

ለመሥሪያ ቤት አለቆችም የምንለው አለን። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ባወጣው መመሪያ፣ የሠራተኛውን ልብ ከማጽናት ጋራ የሥራውን አደረጃጀት ማሻሻልንና አለቆችን ማሠልጠንንም መክሯል። የሦስት ሰው መዝገብ በአንድ ሰው ጠረጴዛ ላይ ተቈልሎ፣ 10 ደቂቃ ጸጥታ ብቻውን አያነሣውም። የጌዴኦ ሽማግሌዎች ጠብ ሲያዩ በሶንጎ ተሰብስበው ነው፤ የሥራም ጭንቀት እንዲሁ በአንድ ሰው ሆድ ከሚቀበር በጉባኤ ቢነገር ይሻላል። በመሥሪያ ቤት መነገር የሚገባው በመሥሪያ ቤት ከተነገረ፣ ማታ ለቤት የሚተርፈው ፍቅር ይሆናል።