ስሙ ጨዋ፣ ዝናው ቀጥቃጭ

በካርቲየ 4 ሻይ ቤቶች የድሮ ኳስ ወግ ሲነሳ ክላውዲዮ ጀንቲሌ ዛሬም ከተከሳሽ ሳጥን አልወጣም። በጣሊያንኛ የአባቱ ስም ትርጉም «ጨዋ» መሆኑ ለቀልደኞች ተጨማሪ ስንቅ ሆኗል። ትሪፖሊ ተወልዶ በጁቬንቱስ የገነነው ይህ ተከላካይ የሚታወሰው እ.ኤ.አ. በ1982 የዓለም ዋንጫ ማራዶናን እየጎተተና እየረገጠ በማፈኑ፣ ከስድስት ቀን በኋላም የዚኮን ማሊያ በመቅደዱ ነው።

ክሱ ሐሰት አይደለም፤ ፍርዱ ግን ጎደሎ ነው። ማራዶናን በጥፋት ብቻ ማቆም ቢቻል ኖሮ ከእርሱ በፊት የሞከሩት ሁሉ በተሳካላቸው ነበር። ጀንቲሌ ኳሱ ሳይደርስ ቦታውን ይቀድማል፤ ተቀባዩ ፊቱን ወደ ጎል እንዳያዞር ይከለክላል። ይህ የጡንቻ ብቻ ሳይሆን የአእምሮም ሥራ ነው። ፊሽካው በሮማኒያዊው ዳኛ በራይኒያ እጅ ነበር፤ እርሱም ቢጫ ካርድ አሳይቶ ጨዋታውን አስቀጠለ። ዳኛ የፈቀደውን ሁሉ በተጫዋች ማላከክ ምን የሚሉት ፍትሕ ነው? ለነገሩ በዚያ ውድድር በቀይ ካርድ የወጣው ጀንቲሌ ሳይሆን፣ ብራዚላዊውን ባቲስታን የረገጠው ራሱ ማራዶና ነበር።

በፍጻሜው ምዕራብ ጀርመን ላይ ፓውሎ ሮሲ ላስቆጠረው የመጀመሪያ ጎል ኳሷን ከቀኝ ያሻማው ያው «ቀጥቃጭ» መሆኑንስ ስንቱ ያነሳዋል?

ኢትዮጵያውያንም ከዚህ አድልዎ አልጸዱም። በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግብፅ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 የተረታችበት የአፍሪካ ዋንጫ ሲወሳ መንግሥቱ ወርቁና የቫሳሎ ወንድማማቾች በአንድ ትንፋሽ ይጠራሉ፤ ከኋላ የቆሙትን በስም የሚጠራ ግን ጥቂት ነው። በየሠፈሩ ልጆች ቡድን ሲከፋፈሉ ሳይመረጥ የቀረው ወደ ኋላ የሚላከውም በዚሁ ወግ ነው።