ድምፅ ከመስጠታችን በፊት ድምፅ እንስማ

 

ዛሬ በጥያቄ ልጀምር። የጎጃም ዘፈን ጥሩ ብትባሉ ስንት ትጠራላችሁ? አምስት? አስር? እሺ ሃያ እንበል። አሁን ደግሞ አያታችሁ የእጅ ወፍጮ ላይ ሆነው ያንጎራጉሩት ከነበረው አንድ ጥሩልኝ። ውቂያ ላይ በሬ ሲነዳ ከሚባለውስ? ሙሽራ ስትወጣ በናንተ ቀበሌ ብቻ ከሚዘፈነውስ?

ዝም አላችሁ አይደል? እኔም ዝም ነው ያልኩት።

ባህላችን፣ ማንነታችን እያልን በቀን አስር ፖስት እንለጥፋለን። ከሥሩ የምናስገባው ዘፈን ግን ያው ሁሌ የምናውቀው ነው። ቢቸና ሲባል በላይ ዘለቀን እናነሳለን፣ ፉከራ እንለቃለን። ደግ ነው፣ ይገባዋል። ግን ቢቸና ከፉከራ ሌላ ዜማ የላትም? ሞጣስ?

ሰሞኑን ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር አንድ ሐሳብ ልካችሁልናል፦ «የማይታወቁ የቢቸናና የሞጣ ዘፈኖችን እናወዳድር፣ ሕዝቡ በኦንላይን ድምፅ ይስጥ»። ግሩም ሐሳብ ነው፣ እንደግፈዋለን። ነገር ግን «ብዙ ላይክ ያገኘ ያሸንፋል» በሚለው መንገድ ከሆነ ባይደረግ ይሻላል። ለምን? ከራሴ ልጀምር።

ከተመረቅሁ ሁለት ዓመት አለፈኝ። ሥራ የለኝም፣ ጊዜ ግን ሞልቷል። አምና ከጓደኞቼ ጋር ሆነን በቴሌግራም እንዲሁ ትንሽ ውድድር ሞክረን ነበር። ዘጠኝ ድምፅ ተላከልን። ገና በመጀመሪያው ሰዓት አንዱ ተወዳዳሪ ዘመድ ወዳጁን ጠርቶ ከፊት ወጣ። ከዚያ በኋላ የመጣው ሰው ሁሉ እየመራ ያለውን እየነካ አለፈ። ከሞጣ ገጠር አንዲት እናት በልጃቸው ስልክ የላኩት የሁለት ደቂቃ የወፍጮ እንጉርጉሮ መጨረሻ ወጣ። እውነቱን ልንገራችሁ? እኔ አዘጋጁ ራሴ ያንን እንጉርጉሮ እስከ መጨረሻው የሰማሁት ውድድሩ ካለቀ በኋላ ነው። ስሰማው አፈርኩ። ከዘጠኙ ውስጥ ከዚያ በፊት የትም ያልሰማሁት እሱ ብቻ ነበር። የማይታወቅ ዘፈን ፍለጋ ወጥተን፣ ያገኘነውን የማይታወቅ ዘፈን መጨረሻ አድርገን ተመለስን።

ይሄ የኛ ስንፍና ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2006 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት አለ። ሳልጋኒክ፣ ዶድስና ዋትስ የተባሉ ተመራማሪዎች ከ14 ሺህ በላይ ሰዎችን በኢንተርኔት ሰብስበው የማይታወቁ ባንዶችን 48 ዘፈኖች አቀረቡላቸው። የአንዱ ቡድን ሰዎች የሌላውን ምርጫ ሳያዩ ለየብቻቸው መረጡ። የቀሩት በስምንት ቡድን ተከፍለው፣ እያንዳንዱ ዘፈን በቡድናቸው ስንት ጊዜ እንደወረደ እያዩ መረጡ። ምን ሆነ? ቁጥሩ ሲታይ ተወዳጆቹ ዘፈኖች ይበልጥ ተወዳጅ ሆኑ። ይባስ ብሎ፣ የሚያሸንፈው ዘፈን ከቡድን ቡድን ተለያየ። ለየብቻ የመረጡት ሰዎች 26ኛ ያደረጉት አንድ ዘፈን በአንዱ ቡድን 1ኛ፣ በሌላው 40ኛ ወጣ። ዘፈኑ ያው ነው! የተለየው መጀመሪያ የነካው ሰው ነው።

እንግዲህ የላይክ ቁጥር እያሳየን «ሕዝቡ መረጠ» ብንል ራሳችንን ነው የምናታልለው። የመረጠው ቀድሞ የመጣው ነው።

«ታዲያ እስከ ዛሬ ስንት ውድድር ተካሂዶ የለም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። አለ። ባላገሩ አይዶልና ፋና ላምሮት አዲስ ድምፃዊ ሲፈልጉ ቆይተዋል። የሸገር ኤፍ ኤም 102.1 የለዛ ፕሮግራም ደግሞ በአድማጭ ድምፅ የዓመቱን ሥራዎች ሲሸልም ቆይቷል። ሁሉም በየፊናቸው ጥሩ ናቸው። ግን አንዱ ዘፋኝ ነው የሚፈልገው፣ ሌላው የወጣ ሥራ ነው የሚያመሰግነው። እኛ የምንፈልገው ዘፈኑን ነው። ያውም ያልተቀዳውን።

ነገሩ እዚህ ላይ ነው የሚከብደው። እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ እሸቴ የተባለ ሰው፣ በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ያለ ወጣት፣ የሸክላ ኅትመት በሀገር ፍቅር ማኅበር እጅ ብቻ በነበረበት ጊዜ ደፍሮ አምሃ ሪከርድስን አቋቋመ። የመጀመሪያው የዓለማየሁ እሸቴ ሸክላ ሆነ። ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ እነዚያን ቅጂዎች ፈልጎ «ኢትዮፒክስ» በሚለው ተከታታይ አልበም አወጣቸው። እ.ኤ.አ. በ2005 የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ በአሜሪካ ፊልም ውስጥ ተሰማ፣ ዓለምም «ይሄ ከየት መጣ?» አለ። ይሄ ሁሉ የሆነው ለምንድን ነው? አንድ ወጣት አስቀድሞ ስለቀዳው! የተረሳ ሸክላ ፈላጊ ካገኘ ይገኛል። ያልተቀዳ እንጉርጉሮን ግን ባለቤቷ ካረፈች በኋላ ማንም ፈረንጅ መጥቶ አያገኝልንም።

ሥራው ሲቀር ዘፈኑም አብሮ ይቀራል። ወፍጮው በሞተር ሆነ፣ የእጅ ወፍጮው ጓሮ ተጣለ። በወፍጮው ላይ ይባል የነበረውን የሚያውቁት አሁን ሰባና ሰማንያ ዓመት የሞላቸው እናቶች ናቸው። የኛ ጊዜ ያ ነው። ከዚያ በላይ የለንም።

ስለዚህ ውድድሩ ይደረግ። ግን በዚህ ሕግ፦

1. ስም ይደበቅ። ዘፈኑ በቁጥር ብቻ ይቅረብ። የማን ልጅ፣ የማን ወዳጅ እንደሆነ ውጤቱ ከታወቀ በኋላ ይነገራል።

2. ቁጥር ይደበቅ። የቴሌግራም ፖል በተለምዶ ድምፅ እንደሰጣችሁ ማን እንደሚመራ ያሳያችኋል፣ ስለዚህ አይሆንም። ጎግል ፎርም ይሻላል። ውጤቱን መደበቅ ይቻላል፣ የምርጫዎቹንም ቅደም ተከተል ለእያንዳንዱ ሰው ያቀያይርልናል። አንድ ሰው አንድ ድምፅ ብቻ እንዲሰጥ ማድረግም ይቻላል።

3. ማንም የራሱን አይመርጥም። በአውሮፓው ዩሮቪዥን ማንም ለራሱ አገር ድምፅ መስጠት አይችልም። እኛም እንደዚያ እናድርግ፤ የቢቸና ሰው የሞጣን ይምረጥ፣ የሞጣ ሰው የቢቸናን። ሁለቱም አሸናፊ ይኖራቸዋል። ከሁሉ በላይ ግን አንዱ የሌላውን ለመስማት ይገደዳል። «እኛ እንበልጣለን» ከመባባል ይሄ አይሻልም?

4. በአንድ ዙር አምስት ዘፈን ብቻ። ሠላሳ ብንደረድር ማንም አይሰማም። ስለ እያንዳንዱ ዘፈን አንድ ቀላል ጥያቄ ይኑር፣ «ዘፈኑ የሚባለው በምን ጊዜ ነው?» ዓይነት። ያልመለሰ አልሰማም፣ ያልሰማም አይመርጥም።

5. ግማሹ ድምፅ ከገበያ ይምጣ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ማን ይረሳል? ምርጫውን ለኦንላይን ብቻ ብንተወው የሚፈርደው ዋይፋይ ያለው የውጭ አገር ዘመዳችን ነው፣ የዘፈኑ ባለቤት አይደለም። በገበያ ቀን በሚሞሪ ካርድ እናሰማ፣ አምስት ጣሳ እናስቀምጥ፣ የሰማ ሁሉ አንዲት ባቄላ ይጣል። ማንበብና መጻፍም አይጠይቅም።

6. ፈቃድ ይጠየቅ። «ቀድቼ ልለቀው ወይ?» ሳይባል እንዳይለቀቅ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የከዋኙንም መብት ይጠብቃል። ከሕጉ በፊት ግን ይሉኝታም አለ። ገንዘብ ከተገኘ መጀመሪያ ለዘፈኗ ባለቤት ይድረስ።

አውቃለሁ፣ አንዳንዶቻችሁ «ቁጥሩ ካልታየ ውድድሩ አይሞቅም» ትላላችሁ። ልክ ናችሁ፣ አይሞቅም። ሼሩ ይቀንሳል፣ የገጻችን ተከታይም እንደ ወትሮው አይጨምርም። ይሄን ዐውቀን ነው የምንገባበት። ሙቀት የፈለገ ሌላ ብዙ ነገር አለለት። እኛ የምንፈልገው አንድ ያልሰማነውን ዜማ ነው።

ይሄ ደግሞ ለኛ አዲስ ነገር አይደለም። በዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ ሲዘረፍ መምህሩ ሳይሰማ አይፈርድም። አዝማሪ ፊት «ተቀበል!» ብሎ ግጥም የሚሰጥ ሰው ቤቱ ጸጥ ብሎ ይሰማዋል፣ ካማረ «እሰይ!» ይባላል፣ ካላማረ ዝም። አባቶቻችን መጀመሪያ ሰሙ፣ ቀጥለው ፈረዱ። እኛ ነን ገልብጠን ሳንሰማ መንካት የጀመርነው።

እንግዲህ የቤት ሥራችሁ ይሄውላችሁ። በዚህ ሳምንት፣ ማንም ድምፅ ሳይሰጥ፣ እያንዳንዳችሁ አንድ ድምፅ ቅዱ። አያታችሁ ጋ ሂዱ፣ ቡናው እስኪፈላ ተቀመጡ፣ ስልካችሁን አውጥታችሁ ፈቃድ ጠይቁ። «እኔ ምን ዘፈን አውቃለሁ ልጄ» ይሏችኋል። አትመኗቸው፣ ትንሽ ጠብቁ። ሲጀምሩ አታቋርጡ። ሲጨርሱ ሦስት ነገር ጠይቁና አብራችሁ ቅዱ፦ ከማን ተማሩት? የት ነው የሚባለው? መቼ ነው የሚባለው?

እኔ ነገ ወደዚያች የሞጣ እናት ልጅ እደውላለሁ። ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ ከፈቀዱም እንጉርጉሯቸውን ሙሉውን እቀዳለሁ። የመጀመሪያው ዙር ቁጥር 1 እሱ ይሆናል፣ ያለ ስም።

የቀሩትን አራቱን ከናንተ እንጠብቃለን። ላኩልን።