በቁምስናው በር ላይ ይለጠፍልን
ለኢትዮጵያ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ጳጳሳት ጉባኤ
አዲስ አበባ

ብፁዓን አባቶቻችን፣

ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. ፈርሶ ሰዉ ሲበተን ከቤቱ ጋር አብሮ የሄደ ጥበቃ አለ። አንድ ካህን ወደ ማን ቤት እንደገቡ፣ እርዳታ ለማን ሰጥተው ማንን እንዳለፉ ጎረቤት ያውቅ ነበር። ነውር ቢታይ የእድር እናቶች ተጠራርተው ይመክሩበት ነበር። ዛሬ አንዷ ገላን ጉራ ናት፣ ጎረቤቷ ሌላ ጥግ። ልጇን የምትልከው ወደማታውቀው ቁምስና፣ ጭንቋን የምታዋየው ለማታውቃቸው አባ ነው።

የንስሐ ምስጢር አያሰጋኝም። በ1983 ዓ.ም. የታወጀው የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ቀኖና ምስጢሩን በቀጥታ የገለጠውን ካህን በታላቁ ውግዘት ይቀጣል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ከኑዛዜ ውጭ ያለው ነው፤ ቢሮ ውስጥ የሚነገር የትዳር ጠብ፣ የትምህርት ቤት ቦታ ልመና፣ የእርዳታ ስም ዝርዝር። የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍላት ሰው ክፉ ቢያስብባት፣ ያቺ እናት በምን አቅሟ እምቢ ትላለች? ዝም ብትል «ፈቅዳለች» ማለት ግፍ ነው።

ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንችስኮስ በ2011 ዓ.ም. አውጥተው በ2015 ዓ.ም. ያጸኑት «የዓለም ብርሃን ናችሁ» የተባለው ሕግ ይህን ያውቃል። በሥልጣን ተገዶ የተደፈረ አዋቂም ይካተትበታል። ሕዝብ በቀላሉ የሚደርስበት አቤቱታ ተቀባይ እንዲኖር ያዛል፤ ካህንና ገዳማዊ የሰሙትን እንዲያመለክቱ ያስገድዳል፤ አቤት ባዩን ዝም ማሰኘት ይከለክላል።

እንግዲህ የተቋቋመው አቤቱታ ተቀባይ አካል ይታወጅ፣ ያልተቋቋመው ይቋቋም። የተቀባዮቹ ስምና ስልክ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ በየቁምስናው በር ላይ ይለጠፍ። ከተቀባዮቹ መካከል ምእመን ሴት ትኑር፤ ለወንድ መናገር የማይሆንላቸው ብዙ ናቸውና። ካህን ከልጅ ጋር በተዘጋ ክፍል ብቻውን አይቀመጥ። የእርዳታን ዝርዝር አንድ ሰው ብቻውን አይወስን። ጉዳዩ ወንጀል ሲሆን ሽምግልና ተብሎ አይዳፈን፣ ወደ ፖሊስ ይሂድ።

ይህን የምጠይቀው ካህናቶቻችንን ጠርጥሬ አይደለም። ሌሊት በር ሲንኳኳ ተነሥተው ለታመመ የሚደርሱ አባቶች አሉን፤ ግልጽ ደንብ እነሱንም ከሐሜት ይጠብቃቸዋል።

መልሳችሁ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በየቁምስናው ይነበብልን። ከካዛንቺስ ለተነሡትም አዲሱ ቁምስናቸው የት እንደሆነና ማንን እንደሚጠይቁ በዚያው ቀን ይነገራቸው።

በአክብሮት፣
ከቂርቆስ ምእመናን አንዱ