ለኮንዶሚኒየም የሚሆን ሽጉጥ የቱ ነው?

እውነቱን ተናግሬ ልጀምር። ባለፈው ክረምት ሽጉጥ ልገዛ አስቤ ነበር። ለወሬ ያህል አይደለም፤ ስልኬ ላይ አፍጥጬ የሽጉጥ ዓይነት ሳወዳድር ያደርኩበት ሌሊት አለ። አዲስ ስልክ ልገዛ ስል እንደማደርገው የእያንዳንዱን ጥሩና መጥፎ ጎን ጽፌ ይዤ ነበር። ዛሬ ያ ዝርዝር ምን ይል እንደነበርና ለምን እንዳጠፋሁት ላውጋችሁ።

የምኖረው የካ አባዶ ነው። ሦስተኛ ፎቅ፣ ባለ አንድ መኝታ፣ ኪራይ። ከታላቅ እህቴና ከአምስት ዓመት ልጇ ጋር ነን። ሐምሌ ላይ ከእኛ ብሎክ ምድር ላይ ያሉ ባልና ሚስት ለቀብር ክፍለ ሀገር ሄደው ሲመለሱ በራቸው ተፈልቅቆ አገኙት። ቴሌቪዥኑ የለም፣ ላፕቶፑ የለም፣ የጋዝ ሲሊንደሩ እንኳን አልተረፈም። ከጎናቸው ያለው ቤት ምንም አልሰማም። ያን ሰሞን ዝናቡም መብራት መጥፋቱም ተደራርቦ ስለነበር፣ ከመገናኛ አምሽቶ የሚመጣ ሰው ደረጃውን የሚወጣው በስልኩ ባትሪ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሰፈር ውስጥ ወሬው ሁሉ አንድ ሆነ። ግሮሰሪ ቁጭ ብለን አንዱ «አንድ ነገር ያስፈልጋል» አለ። «አንድ ነገር» ምን እንደሆነ የጠየቀ የለም፤ ሁላችንም ገብቶናል። ወዲያው ምርጫ ተጀመረ። አንዱ ማካሮቭ ይላል፣ ሌላው ኮልት፣ ሦስተኛው ደግሞ «ቱርኩ ይረክሳል» ብሎ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። እንደ ኳስ ቡድን ደጋፊ ተከፋፈልን።

እኔም ቤት ገብቼ ማጥናት ጀመርኩ። ማካሮቭ ሶቪየት ሠራሽ ነው፤ 8 ጥይት ይጎርሳል፣ ትንሽ ነው፣ ብዙ ክፍል የለውም፣ በቀላሉ አይበላሽም። ኮልት የሚባለው የአሜሪካኖቹ 1911 ነው፤ 7 ጥይት ይጎርሳል፣ ከባድ ነው፣ አመታቱም ኃይለኛ ነው። ግን ምላጩ ከመሳቡ በፊት መዶሻው ወደ ኋላ መሳብ አለበት። ስለዚህ ወይ ተቀባብሎ ይቀመጣል፣ ወይ በጨለማ በሚንቀጠቀጥ እጅ ይቀባበላል። «ቱርክ» እየተባለ ከ2010 ዓ.ም ወዲህ በኮንትሮባንድ ሲገባ ተያዘ ሲባል ደጋግመን ከሰማነው ውስጥ ደግሞ፣ መጀመሪያ ድምፅ ብቻ እንዲያሰማ ተሠርቶ በኋላ እውነተኛ ጥይት እንዲተኩስ የተቀየረ አለ። ለጥይት ኃይል ያልተሠራ ብረት ደግሞ እጅ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። እኔ ማካሮቭ ላይ ምልክት አደረግኩ። እንደዚህ ነበር ያሰብኩት፤ ልደብቃችሁ አልፈልግም።

ከዚያ ግን ጥያቄዎቹ አንድ በአንድ መምጣት ጀመሩ።

የመጀመሪያው ሕጉ ነው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለፈቃድ መሣሪያ መያዝን ወንጀል አድርጎታል። ግሮሰሪ ውስጥ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ የሚወራው መንገድ እንግዲህ የእስር ቤት መንገድ ነው። አባቴ ሰሜን ሸዋ ነው ያለው። ስለ ሌባው ሲሰማ ደውሎ «መሣሪያ የሌለበት ቤት ምኑን ቤት ሆነ? ና የኔን ውሰድ» አለኝ። «አባባ፣ እርስዎ ስም ላይ የተመዘገበ እኮ ነው፤ ለኔ ቢሰጡኝ ሁለታችንም እንጠየቃለን» አልኩት። ትንሽ ዝም አለና «ልጄ አይደለህ እንዴ?» አለኝ። ለእሱ መሣሪያ እንደ መሬት ነው፤ ከአባት ወደ ልጅ ያልፋል። ለሕጉ ግን ፈቃድ የሰው ነው እንጂ የቤተሰብ አይደለም።

እሺ፣ በሕጋዊ መንገድ አገኘሁ እንበል። ሁለተኛው ጥያቄ ግድግዳው ነው። በእኛ ቤት ሳሎንና መኝታ ቤቱን የሚለየው አግሮስቶን ነው። ምስማር በመዶሻ ሲመታ ከወዲያኛው ክፍል የሚሰማበት ግድግዳ ላይ የሽጉጥ ጥይት ይቆማል ብሎ የሚያስብ ካለ ይምጣና ቤታችንን ይይ። ሳሎን ቆሜ ወደ በሩ ስተኩስ ጥሩ፤ ሌባው ገብቶ ወደ መኝታ ቤቱ በኩል ከቆመስ? ከአግሮስቶኑ ማዶ የእህቴ ልጅ ተኝቷል። ከጎረቤት የሚለየን ብሎኬትም ውስጡ ክፍት ነው፤ እሱንም አልተማመንበትም። ኮንዶሚኒየም ውስጥ «የኔ ቤት» የሚባል ለብቻው የቆመ ነገር የለም። የእኔ ግድግዳ የሌላው ግድግዳ ነው። ኢኮኖሚክስ ስንማር፣ አንዱ ራሱን ሲጠቅም ሌላው ሳይጠየቅ የሚከፍለው ወጪ አለ ይሉን ነበር። ከአግሮስቶን የተሻለ ምሳሌ እስካሁን አላገኘሁም።

ሦስተኛው የት እንደሚቀመጥ ነው። ቆልፌ፣ ጥይቱን ለብቻው ካስቀመጥኩት ሌሊት ሌባ ሲመጣ አይደርስልኝም። ትራስ ስር ተቀባብሎ ካደረ ደግሞ ቀን ላይ ልጁ ያገኘዋል። የአምስት ዓመት ልጅ በ45 ካሬ ቤት ውስጥ የማያገኘው ነገር የለም፤ የእናቱን ቸኮሌት ቁምሳጥን አናት ላይ ያገኘ ልጅ ነው። ለሌባ ዝግጁ የሆነ ሽጉጥ ለልጅም ዝግጁ ነው። ማካሮቭም ይሁን ኮልት ይህን አይፈታውም።

አራተኛው በጣም የገረመኝ ነው። የምድሩ ጎረቤቶቻችን የተዘረፉት ቤት ሳይኖሩ ነው። ሽጉጥ ቢኖራቸው ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ከቴሌቪዥኑ ጋር እሱም ይሄድ ነበር፤ በሚቀጥለው ቤት ሌባው የሚመጣው ታጥቆ ነው።

ይህን ሁሉ እያሰብኩም ቢሆን ልቤ ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም ነበር። ፍርሃት በሒሳብ አይሸነፍም። የመለሰኝ የነሐሴ አንድ ሌሊት ነው።

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ በራችን ቁልፍ ላይ ብረት ሲንኳኳ ነቃሁ። አንድ ሰው ቁልፉን እየነካካ ነው። መብራት የለም። እህቴ ልጇን አቅፋ ጥግ ይዛለች። እኔ ከኩሽና ዘነዘና አንስቼ ከበሩ ጀርባ ቆምኩ። «ማነው?» ለማለት ድምፄ አልወጣም። እጀታው ወደ ታች ወረደ፣ በሩ ተገፋ። ያን ሰዓት እጄ ላይ ማካሮቭ ቢኖር ኖሮ በበሩ አሳልፌ እተኩስ ነበር። ይህን የምለው ለማጋነን አይደለም፤ ራሴን ስለማውቅ ነው።

ከዚያ ከውጭ ድምፅ መጣ፦ «እማዬ ክፈችልኝ… ቁልፉ እምቢ አለኝ።»

ከእኛ በላይ፣ አራተኛ ፎቅ ያለው የጎረቤታችን ልጅ ነው። ጠጥቶ መጥቶ በጨለማ አንድ ፎቅ ተሳስቷል። የኛ ደረጃ እንደሆነ ታውቁታላችሁ፤ ሁሉም ፎቅ አንድ ዓይነት ነው፣ ሁሉም በር አንድ ዓይነት ነው። ይዤ ወደ ላይ አወጣሁት። እናቱ ይቅርታ ጠይቃ፣ እኔን አመስግና፣ እሱን ተቆጥታ አስገባችው። እኔ ተመልሼ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። እግሬ አልሸከም አለኝ።

ቶማስ ሼሊንግ የሚባል አሜሪካዊ ኢኮኖሚስት አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2005 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። በ1960 ባሳተመው መጽሐፉ ይህን የመሰለ ሌሊት አንስቷል። ባለቤቱ ኮሽታ ሰምቶ መሣሪያ ይዞ ይወርዳል፤ ከታጠቀ ሌባ ጋር ፊት ለፊት ይገጣጠማሉ። ሌባው ሹልክ ብሎ መሄድ ይፈልጋል፣ ባለቤቱም እንዲሄድለት ይፈልጋል። ግን እያንዳንዱ «ቀድሞ ይተኩስብኛል» ብሎ ስለሚፈራ፣ የፈራውም ስለሚፈራ፣ ማንም ያልፈለገው ነገር ይፈጠራል። ሼሊንግ ይህን የጻፈው ስለ ኑክሌር ጦርነት ለማስረዳት ነበር። ክፍል ውስጥ ስንማረው አሜሪካና ሶቪየት ነበር የሚታየኝ፤ አሁን የሚታየኝ የኛ ደረጃ ነው።

ጥናትም አለ። እ.ኤ.አ. በ1993 ኬለርማን የተባለ ሐኪምና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ባደረጉት ጥናት፣ መሣሪያ ያለበት ቤት ውስጥ ሰው የመገደል ዕድሉ ከሌለበት ቤት 2.7 እጥፍ ገደማ ሆኖ አግኝተውታል፤ ገዳዩም ባመዛኙ የቤተሰብ አባል ወይም የሚያውቁት ሰው ነበር። «መሣሪያ የሚገዛው ቀድሞውኑ አደጋ ያለበት ሰው ስለሆነ ነው» ብለው የሚከራከሩ አሉ፤ ተገቢ ክርክር ነው። አሜሪካም የካ አባዶ አይደለችም። ግን የነሐሴው ሌሊት ከቁጥሩ ጋር አልተጣላም።

የሚቃወሙኝን ላክብር። አባቴ ያለበት ቦታ ፖሊስ ጠርቶ መጠበቅ ማለት መንጋት ማለት ነው። እዚያ ላለ ገበሬ «መሣሪያህን ተው» የማለት ድፍረቱም መብቱም የለኝም። እዚህ አዲስ አበባም ቢሆን መሣሪያ ጥቂት አይደለም፤ ጥቅምት 23 ቀን 2014 ዓ.ም የከተማው አስተዳደር ነዋሪው መሣሪያውን በሁለት ቀን ውስጥ እንዲያስመዘግብ ያሳወቀው ያለ ምክንያት አልነበረም። የወንጀል ሕጋችንም አንቀጽ 78 ላይ ራስን መከላከልን ይፈቅዳል። ግን ጥቃቱ ሕገ ወጥ፣ የቀረበ ወይም የተጀመረ፣ በሌላ መንገድ የማይመለስ መሆን አለበት፤ ምላሹም መመጣጠን አለበት። ቁልፍ የተሳሳተ ሰካራም የቱን ያሟላል? ሕጉ ቢምረኝ እንኳን እናቱን ደረጃ ላይ በየቀኑ የማገኛት እኔ ነኝ።

ታዲያ ምን ተደረገ? ግሮሰሪ ውስጥ የሰማሁት የሽጉጥ ዋጋ የስድስት ወር የቤት ኪራያችንን ይበልጥ ነበር። በዚያ ገንዘብ የሚጠበቀው አንድ በር ነው፣ እሱም ከተጠበቀ። በጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት ደረጃው፣ ኮሪደሩ፣ መግቢያው የሁሉም ባለቤቶች የጋራ ነው፤ ወጪውም የጋራ ነው። ከየቤቱ 1,200 ብር ተዋጥቶ የደረጃው መግቢያ ላይ የብረት በር ተገጠመ፣ በየፎቁ ቻርጅ የሚያደርግ መብራት ተሰቀለ፣ በየበሩ ላይ የቤት ቁጥር በትልቁ ተጻፈ። ቀላል አልነበረም። ባለቤቶቹ ብዙዎቹ እዚህ አይኖሩም፤ የምንኖረው ተከራዮች ደግሞ «ነገ ለምለቀው ቤት ለምን?» እንላለን። እስካሁን ያልከፈሉ አራት ቤቶች አሉ፤ በሩ ግን እነሱንም ይጠብቃል። ይህን ችግር ማንኛውም የኢኮኖሚክስ ተማሪ ያውቀዋል፣ መፍትሔውንም የሚያውቁት የሰፈር እናቶች ናቸው፦ በየቡናው ላይ ስም እየጠሩ ማሳፈር።

መንግሥትም የራሱን ድርሻ ይውሰድ። ዜጋው ሽጉጥ እንዳይመኝ የሚፈለግ ከሆነ፣ ሌሊት የተደወለለት ፖሊስ መድረስ አለበት፤ የተዘረፈ ሰው «ሄደህ አጣራ» መባል የለበትም። ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ስለ ቱርክ ሽጉጥ የሚያወራው መግደል ስለሚወድ አይደለም፤ ብቻውን የቀረ ስለሚመስለው ነው።

የላይኛው ቤት ልጅ አሁን የብረቱ በር ቁልፍ አለው። ደረጃ ላይ ስንገናኝ ያቺን ሌሊት አስታውሶ አንገቱን ይደፋል። እኔም እደፋለሁ። እሱ ግን እኔ ለምን እንደማፍር አያውቅም።